እንቁላሉን በ100 ሜትር ከመፈለግ ምስሯን በ10 ሜትር፦ ለሐይቅ የዒላማ ወዳጆች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ከጻፉ አንድ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ሰባት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን በስማችን ፈቃድ የወጣበት ጠመንጃ አለን፤ የእኔ ከአባቴ የወረስሁት ምንሽር ነው፣ የጓደኛዬ ክላሽ ነው። በወር አንድ ቀን እየተገናኘን ዒላማ ተኩስ ልንወዳደር አስበናል፤ ነገር ግን የጥይቱን ዋጋ አልቻልነውም። ቦታን በሚመለከት ደግሞ አንዳንዶቻችን ባዶ ጀሪካን ሐይቁ ላይ አንሳፍፈን ከዳር ሆነን እንተኩስ ይላሉ። ወጪው ሳይከብደን፣ ወዳጅነታችንም ሳይደፈርስ የምንጫወትበት መንገድ ካለ ቢያመለክቱን።»

ውድ መምህር፣

ከጀሪካኑ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፣ ይህ ግን ለአንድ ቀንም አይቆይም። ውኃ ጥይት ይውጣል የሚባለው ከላይ ወደ ታች ለተተኮሰ ጥይት እንጂ ከዳር ሆኖ በአግድም ለሚተኮስ አይደለም። በአግድም የሄደ ጥይት፣ እረኞች ጠፍጣፋ ድንጋይ በውኃ ላይ ሲወረውሩ እንደሚነጥረው ሁሉ፣ የሐይቁን ፊት ነክቶ ይነሣና ማንም አስቀድሞ ሊገምተው በማይችል አቅጣጫ ይሄዳል። የምንሽርም ሆነ የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የመጓዝ አቅም አለው። በሐይቁ ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ፤ በዙሪያው እርሻና መንደር አለ፤ የእስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው። ስለዚህ ይህን ሐሳብ ያቀረቡት ወዳጆችዎ በቅንነት ያሰቡት ቢሆንም፣ እባክዎ ዛሬውኑ ይተዉት።

ቀጥሎ ስለ ሁለቱ ጠመንጃዎች። ጠመንጃ ለመያዝ የተሰጠ ፈቃድ በየወሩ ተሰብስቦ ለመተኮስ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ በአንድ ሰው ስም የወጣ ፈቃድም ጠመንጃውን ለስድስት ጓደኞች በየተራ ለማስጨበጥ አያበቃም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጉዳዩን የሚያየው በጥብቅ ዓይን ነው። ከሕጉም ባሻገር ለእኔ የሚከብደኝ ሌላ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አካሎ ካለፈ ወዲህ፣ በወሎ ከተሞች የጠመንጃ ድምፅ የሠርግ ብስራት ሆኖ የሚሰማበት ዘመን አልፏል። እርስዎ በእሑድ ከሰዓት በጨዋታ የተኮሷት አንዲት ጥይት፣ ከኮረብታው ማዶ ያለችን አንዲት እናት ልጆቿን ሰብስባ በር እንድትዘጋ ልታደርጋት ትችላለች። ያንን ዋጋ የሚያወጣ ጨዋታ አላውቅም። ምንሽሩ የአባትዎ መታሰቢያ ሆኖ ይቀመጥ፣ ክላሹም ፈቃድ በተሰጠበት ምክንያት ብቻ ይያዝ።

እንግዲህ ምን ቀረ? የቀረው የጨዋታው ፍሬ ነው፤ እርሱም በገንዘብም በድምፅም ርካሽ ነው። ዒላማን ከባድ የሚያደርገው ርቀቱ ብቻ ይመስለናል፤ በእርግጥ ግን የሚያከብደው የርቀቱና የዒላማው መጠን ንጽጽር ነው። አንድ እንቁላል በወርዱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንቁላሉን በ100 ሜትር ላይ ቢያስቀምጡት ለዓይንዎና ለክንድዎ የሚጠይቀው ጥንቃቄ፣ 4 ሚሊ ሜትር የምታህል ምስር በ10 ሜትር ላይ ብትቀመጥ ከምትጠይቀው ጋር እኩል ነው። ነፋሱና የጥይቱ መውደቅ ይለያይ እንደሆነ እንጂ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የቃታ አሳሳብ ስሕተት በሁለቱም ዘንድ እኩል ይጋለጣሉ። ሜዳውን ወደ 10 ሜትር አሳጥሮ ዒላማውን በዚያው ልክ ማሳነስ ማለት፣ ችሎታውን ሳይነኩ ወጪውንና አደጋውን መቁረጥ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1901 እ.ኤ.አ.፣ የደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ለሠራተኛው ሕዝብ በርካሽ ዒላማ የሚተኩስበትን መንገድ የሚያመቻች ማኅበር ሲቋቋም፣ መፍትሔው ይኸው ነበር፦ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ጥይት፣ 23 ሜትር ገደማ የሆነ የቤት ውስጥ ርቀት፣ ትንሽ ወረቀት። በዓለም አቀፉ ውድድር ደግሞ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ፣ ማለትም በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር የሚተኩስ፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። ስዊዘርላንዶች በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው በሚሳተፍበት ሕዝባዊ ተኩሳቸው በ300 ሜትር ላይ 18 ጥይት ይተኩሳሉ፤ ነገር ግን ጥይቱን መንግሥት የሚያቀርብበትና ሜዳው በየወረዳው የተሠራበት አገር ነውና ለእኛ ምሳሌ ሊሆነን አይችልም።

ስለዚህ ለሰባታችሁ የምመክረው አንድ የአየር ጠመንጃ ነው፤ የፍሬው ውፍረት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በርሜሉ በአንድ ክንድ ወደ ታች ታጥፎ የሚወጠር፣ በጥቅል ብረት፣ ማለትም በስፕሪንግ የሚሠራ። ኃይሉ 7.5 ጁል ገደማ ከሆነ ለ10 ሜትር ይበቃል። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 2,000 ጁል እንደሚሸከም ቢያስቡ ልዩነቱ ይገባዎታል። ይህ ማለት ግን መጫወቻ ነው ማለት አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል፣ በቅርብ ርቀት ቆዳ በስቶ ይገባል። ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳችሁን ፖሊስና የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። «የአየር ነው፣ ምንም አይደለም» ብሎ ዕቃ ማስመጣት ዕቃውን በጉምሩክ፣ ባለቤቱን በጣቢያ ሊያስቀር ይችላል። ፈቃዱ ካልተገኘ ጨዋታው ይቅር፤ በስውር የሚደረግ ተኩስ ወዳጅነት አይባልም።

«ለሰባት ሰው አንድ ጠመንጃ?» ብለው ሊገረሙ ይችላሉ። ይህ የድህነት ምክር መስሎ ቢታይዎ አልፈርድም፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ የምፈልገው እኩልነቱን ነው። እያንዳንዱ የራሱን ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ውድድሩ በሁለተኛው ወር የኪስ ውድድር ይሆናል፤ አንዱ የተሻለ በርሜል ያስመጣል፣ ሌላው መነጽር ያስገጥማል፣ የተሸነፈውም ክንዱን ሳይሆን ዕቃውን ይወቅሳል። ሁሉም በአንድ ጠመንጃ ሲተኩስ ምክንያት የሚሆን ዕቃ አይኖርም። የየሰዉ ዓይን ስለሚለያይ የኋላውን ማነጣጠሪያ ስንት ጥርስ እንዳዞረ እያንዳንዱ በማስታወሻው ይጻፍና ተራው ሲደርስ ወደ ራሱ ቁጥር ይመልሰው። መነጽር ግን አታስገጥሙ። እኔ በወጣትነቴ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር በስፕሪንግ ጠመንጃ ላይ አስሬ፣ ሳምንት ሳይሞላው የውስጥ መስቀሉ ተላቅቆ ቀርቷል፤ የስፕሪንግ ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀጥሎም ወደ ፊት ስለሚነዝር፣ ለዚያ ያልተሠራን መነጽር ያፈርሰዋል። ይህን ያወቅሁት ገንዘቤ ካለቀ በኋላ ነው።

የአየር ጠመንጃው ጥይት የሆነውን የእርሳስ ብረት ፍሬ ሲገዙ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጡ፤ ወረቀት ላይ በወረቀት መብሻ የተቆረጠ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ስለሚተው ለነጥብ ክርክር አይዳርግም። ክብ የብረት ፍሬ ግን በፍጹም አይሁን፤ ጠንካራ ነገር ሲመታ ነጥሮ ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ስሌቱን ላሳይዎ፦ አንድ ሰው 5 የማሟሟቂያና 30 የውድድር ፍሬ ቢተኩስ 35 ነው፤ ለሰባት ሰው 245 ይሆናል። ባለ 500 ፍሬ አንድ ቆርቆሮ ለሁለት ወር ይበቃችኋል ማለት ነው።

የዒላማው ወረቀት ወጪ የለውም፤ በኮምፓስ ይሠራል። የዓለም አቀፉ የ10 ሜትር ጠመንጃ ዒላማ የመጨረሻው ውጫዊ ክብ 45.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ እያንዳንዱ ክብ በ5 ሚሊ ሜትር እየጠበበ ሄዶ፣ ባለ 10 ነጥቡ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብ ብቻ ይቀራል። ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ታንሳለች። አይደንግጡ፤ ቀዳዳው የክቡን መስመር ከነካ የላይኛው ነጥብ ስለሚያዝ፣ ከመሐል እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሳተ ምትም 10 ይቆጠራል። ያም ሆኖ ለጀማሪ ይህ ወረቀት ተስፋ ያስቆርጣል። እኔ የማስጀምረው ለአየር ሽጉጥ በተሠራው ሰፊ የወረቀት ዒላማ ነው፤ በዚያ ላይ ባለ 10 ነጥቡ 11.5 ሚሊ ሜትር፣ ውጫዊው ክብ 155.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥቁሩን መሐል ወደ 6 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቀቡት፤ በተራ ማነጣጠሪያ በደንብ ይታያል። አብዛኞቻችሁ ከ100 ነጥብ 90ውን ማለፍ ስትጀምሩ ወደ ትንሹ ወረቀት ትሻገራላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ከዒላማው ጀርባ ወዳለው። ወሎ ድንጋይ አያጣም፤ የሰዉ የመጀመሪያ ሐሳብም ወረቀቱን በድንጋይ ግንብ ላይ መለጠፍ ነው። ይህ ስሕተት ነው፤ የተፈናጠረ ፍሬ ወዴት እንደሚመለስ አይታወቅም። ወርዱና ቁመቱ 40፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ያሠሩ፤ ከበስተኋላው ወፍራም ላሜራ ይግባ፤ ሆዱ በአሮጌ ጨርቅና ከጎሚስታ በሚገኝ የተቆራረጠ ካላማዳሪያ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይሞላ፤ ፊቱ በካርቶን ተሸፍኖ ወረቀቱ በዚያ ላይ ይለጠፍ። የወረቀቱ መሐል ከመሬት 1.40 ሜትር ከፍ ይበል፤ ቆሞ ለሚተኩስ ሰው የተለመደው ልክ ይህ ነው። መሐሉ ላይ የሚደጋገመው ምት ጨርቁን እየቦረቦረ ስለሚሄድ በየስብሰባው መጀመሪያ ሣጥኑን ከፍቶ መነቅነቅና መሙላት ግድ ነው። ከሣጥኑ ጀርባ ደግሞ ጭቃ ግድግዳ ወይም የአፈር ቁልል ይኑር፤ በርና መስኮት በዚያ በኩል አይኑር። ቦታው የቆየ መጋዘን ወይም ረጅም አዳራሽ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፍሬው ከግማሽ ግራም ብዙም ስለማይበልጥ የሜዳ ነፋስ ይገፋዋል፣ ክረምቱም አያስቆማችሁም።

ሥርዓቱን የሚይዝ አንድ ሰው በየተራ ይሰየም፤ ሥርዓቱን በያዘበት ሰዓት እርሱ አይተኩስም። ቃሉ ሦስት ብቻ ነው፦ «አጉርስ»፣ «ተኩስ»፣ «ቁም»። «ቁም» የሚለውን ግን ማንም አደጋ ያየ ሰው፣ በር ላይ የቆመ ሕፃንም ቢሆን፣ ሊጮኸው ይችላል፤ ሲሰማም ጠመንጃው ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ከመተኮሻው መስመር ሁሉም አንድ እርምጃ ይሸሻል። አፈሙዙ ከሣጥኑ ሌላ ወደ የትም አይዞርም፤ ጣት ወደ ቃታ የሚገባው ዓይን ማነጣጠሪያው ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ተመልካችም ጭምር፣ የአናጺና የብየዳ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ነጭ የመከላከያ መነጽር ያድርግ። እነዚህን ሕጎች «እኛ እንተዋወቃለን» ብሎ የሚያላላ ሰው ካለ ያ ሰው ነጥብ መዝጋቢ ይሁን።

ለአንድ ዙር 10 ፍሬ በ8 ደቂቃ ይስጡ። በየተራ ስለምትተኩሱ ሰባት ሰው በ56 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ ሦስት ዙር አንድ ከሰዓት ይሞላል። እኔ ዙሮቹን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ነው የምጠራቸው፤ ቡናው ራሱ ግን ከበረካው ዙር በኋላ ቢቀዳ ይሻላል። አንደኛ፣ ቡና የልብን ምት ያፈጥናል፤ ቆሞ በሚተኩስ ሰው ላይ የልብ ምት በማነጣጠሪያው ጫፍ ላይ ይታያል። ሁለተኛና ዋነኛው፣ ፍሬው እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነውና እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ስኒም ሆነ ቁራሽ ዳቦ አይነካም፣ ፍሬውንም አፍ ውስጥ ይዞ መጠበቅ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ጫት የሚቅምም ካለ በዚሁ ምክንያት ከተኩሱ በኋላ ያድርገው።

ወዳጅነቱ እንዳይደፈርስ ስለጠየቁት ጥቂት ልቆይ። በአገራችን ዒላማ የሳተ ሰው ይቀለድበታል፤ ተኩስ ከጀግንነት ጋር ስለተያያዘ፣ የሳተው ሰው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የወንድነቱን ስም የሳተ ይመስለዋል። በዚህ ምክንያት ጀማሪው ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሦስተኛውን ይቀራል። መድኃኒቱ ማካካሻ ነጥብ ነው። የእያንዳንዱን የሦስት ስብሰባ አማካይ ይውሰዱ፤ ከ300 የሚጎድለውን ያግኙ፤ የጎደለውን 80 በመቶ በሚቀጥለው ውጤቱ ላይ ይጨምሩለት። አማካዩ 252 የሆነ ሰው 48 ይጎድለዋል፤ 38 ይጨመርለታል። አማካዩ 180 የሆነው 120 ይጎድለዋል፤ 96 ይጨመርለታል። በዕለቱ ጎበዙ 255 ቢያመጣ 293 ይሆናል፤ ጀማሪው 200 ቢያመጣ 296 ሆኖ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ከራሱ ልክ ይበልጥ የተሻለው እርሱ ነው። ሙሉውን 100 በመቶ ያልሰጠሁት፣ ልምምድ ያደረገ ሰው ትንሽ ብልጫ እንዲቀርለት ብዬ ነው። ያልተጨመረበትን ውጤት ግን በሌላ ዓምድ መዝግቡ፤ ጎበዙም መከበር አለበት።

ስለ አተኳኮሱ ብዙ አልልም፤ እጅ ለእጅ የሚተላለፍ ትምህርት ነው። ሁለት ነገር ግን ከሌላ ጠመንጃ ለመጡ ሰዎች ልንገር። የስፕሪንግ ጠመንጃን አጥብቀው አይያዙት፤ በግራ መዳፍዎ ላይ እንዲያርፍ አድርገው በፈለገው ሁሉ እንዲነዝር ይተዉት፤ እንደ ክላሽ ትከሻዎ ላይ ከጨመቁት ምቶቹ ይበታተናሉ። አሸዋ ከረጢት ላይ ሲለማመዱም ከረጢቱ ላይ የሚያርፈው እጅዎ እንጂ እንጨቱ አይሁን። ሁለተኛ፣ ፍሬው በርሜሉ ውስጥ የሚቆየው ከጥይት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ፣ ቃታው ተስቦ ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ትንፋሽ ያህል ሳይነቃነቁ ማነጣጠሪያውን ይመልከቱ። ፍሬ ሳይጎርስ ባዶውን ማስተኮስ ግን ስፕሪንጉንና ውስጡን ስለሚጎዳ አይለማመዱበት።

ሰባት ሰው በስድስተኛው ወር እርስ በርሱ መሰላቸቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ፈቃድና ተመሳሳይ ወረቀት ያለው ሌላ ቡድን ካገኛችሁ፣ መንገድ ሳትሄዱ መወዳደር ትችላላችሁ። እንግሊዞቹ ክበቦች ለረጅም ዘመን ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ቤት ተኩሶ ወረቀቱን በፖስታ ይልክ ነበር። እናንተ በቴሌግራም ላኩት። ከተኩሱ በፊት በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ የዕለቱ ሥርዓት አስከባሪ ይፈርም፤ ፎቶው ሲነሳ ከወረቀቱ አጠገብ አንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ፣ መጠኑ እንዲነጻጸር፤ ዋናው ወረቀት ደግሞ ውጤቱ እስኪጸድቅ አይጣል። ቀዳዳው መስመሩን ነክቷል አልነካም የሚል ክርክር ሲነሣ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የመሰርሰሪያ ፑንታ ለስላሳ ጫፉን በቀዳዳው ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡና ጠርዙ መስመሩ ላይ ማረፉን በአጉሊ መነጽር እዩ። ፑንታውን የሚያስገባው ግን የወረቀቱ ባለቤት አይሁን።